የአባቴ ቀኝ እጅ

«እማማ፣ ቀኝ እጅዎን ወደፊት ዘርግተው ቀስ ብለው ያንሱ» አለችኝ ነርሷ። ስትሮክ ቀኝ ጎኔን ከመታኝ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እየመጣች ታሠራኛለች። እጄ እየተንቀጠቀጠ ትከሻዬ ጋ ሲደርስ የእርጥብ ኖራ ሽታ ውል አለብኝና ክው አልኩ። ልጅቷ ያመመኝ መስሏት ደነገጠች።

ልጅ ሳለሁ ነው፤ ያኔ ጣሊያን ገብቷል። ዛሬ ካዛንቺስ የምትሉት ሰፈር የሹማምንቱ ቤት ሊሠራበት ተቆፋፍሮ፣ ቀኑን ሙሉ ኖራ ኖራ ይሸታል። አናጢው አባቴ አንድ ጠዋት መጋዙን እንደያዘ ወደቀ። ቀኝ ጎኑ ከዳው፣ አፉም ተጣመመ። ጎረቤቱ ሁሉ ምች ነው አለ። ፀሐይ እንዳያየው፣ ነፋስ እንዳይነካው ተብሎ ጨለማ ጓዳ ውስጥ ተከናንቦ ተኛ። እጁ ከቀን ወደ ቀን እየሰለለ ሄደ።

እናቴን ጭንቅ ያዛት። የጣሊያን ሹም ሲያልፍ ቀኝ እጁን ዘርግቶ ሰላም ያላለ ሰው ይገረፍ ነበራ! ይሄ ሰውዬ ደጅ የወጣ ቀን ምን ሊውጠው ነው? ከጓዳ አወጣችው። ገመድ በጣሪያው ወራጅ እንጨት ላይ አሳልፋ አንዱን ጫፍ ከሰለለው እጁ ጋር አሰረች፤ ሌላውን በደህናው እጁ እየሳበ እንዲያነሳው አደረገች። ልትገድለው ነው ብለው ጎረቤቶቹ አሟት። እሷ እቴ፣ ማንን ልትሰማ። እሱ ሲያቃስት፣ ገመዱ ሲጥ ሲጥ ሲል ክረምቱ አለፈ።

አንድ ቀን ያለ ገመድ እጁን አንስቶ መጋዙን ከግድግዳው አወረደ። እናቴ እልል ማለት ፈርታ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች።

በማግስቱ ሹሙ በደጃችን አለፈ። ሰው ሁሉ እጁን ዘረጋ። አባቴ ግን እጁን ቁልቁል እንደለቀቀ ቆመ። ደርቄ ቀረሁ። ይችላል እኮ፣ ትናንት በዓይኔ አይቻለሁ።

«በሽተኛ ነው ጌታዬ፣ እጁ ሽባ ነው» እያለች እናቴ ሹሙ እግር ሥር ወደቀች። ማን ሰምቷት። ጅራፉ የአባቴን ቀኝ ትከሻ ደጋግሞ ተለተለው።

ቤት ስንገባ እናቴ በንዴት፣ «ለዚህ ነው የለፋሁት?» አለችው።

«ለነሱ... አይደለም የዳነው» አለ በተሳሰረ አንደበቱ። ያንን እጁን እንደምንም አንስቶ እንባዋን ጠረገላት።

ሲነጋ ትከሻው አብጦ እጁ አልታዘዝ አለው። ከዚያ ወዲያ አባቴ እስኪሞት ድረስ እጁ አልተነሳም።

«እማማ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይድገሙልኝ» አለች ነርሷ። እንደዚያ ሰላምታ ወደፊት ልዘረጋው አልሆነልኝም። ጠጋ በይ አልኳትና ጉንጯን ዳሰስኩ።