ያልተበሳው ቀበቶ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ይህንንም የምጽፈው በአፌ ልናገረው ስሞክር ድምፄ እየጠፋ ስላስቸገረኝ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከሞጆ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ አዲስ ቀበቶ ታጥቆ ነበር። መስኮቱ አልከፈት ብሎ ሁላችንም በላብ ተጠምቀናል፤ የሰውዬው ቀበቶም ሙቀቱ ሲመታው ቆዳና ሰም፣ ቆዳና ሰም ይሸተኝ ጀመር። ፊቴን ወደ መስታወቱ አዙሬ እስከ አዳማ ድረስ እንባዬን እየዋጥኩ መጣሁ። ሰውዬው የታመምኩ መስሎት ብርቱካን ሰጠኝ፤ እምቢ ማለት አፍሬ ተቀበልኩት።

ያ ሽታ የቤታችን ሽታ ነበር። በደርግ ጊዜ ከጋሪ ተራው ፊት ለፊት ባለች፣ በመጋረጃ ለሁለት በተከፈለች አንዲት ቤት ውስጥ ነበር የምንኖረው፤ አባባ፣ ወንድሜ ግርማና እኔ። እናታችን እኔን ጡት ሳታስጥል ስላረፈች መልኳን የማውቀው ሰዎች ግርማን እያዩ ሲነግሩኝ ነው። አባባ የጋሪ ፈረሶችን ዕቃ እየሰፋ ነበር ያሳደገን፤ ከዚያ የተረፈውን ቆዳ ደግሞ ቀበቶ ያደርገዋል። ክሩን በሰም ደጋግሞ ይስብና፣ ቆዳውን በወስፌ ወግቶ፣ በአንዱ ቀዳዳ ሁለት መርፌ አንዱን ከፊት አንዱን ከኋላ እያሳለፈ፣ ሁለት እጁን ሊበር እንደተነሳ ወፍ ዘርግቶ ያጠብቀዋል። በልጅነቴ ከዚያ እጅ ሥር ጎንበስ ብሎ ማለፍ ጨዋታዬ ነበር።

አባባ አንድ ጠባይ ነበረው። ሰውየው ራሱ መጥቶ ወገቡ ላይ ሳይለካው የማንንም ቀበቶ አይበሳም። ስፌቱ አልቆ፣ ዘለበቱ ገብቶ፣ ቀዳዳ የሌለው ቀበቶ በበሩ አጠገብ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ባለቤቱን ይጠብቃል። ባለቤቱ ሲመጣ ታዲያ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ ደረቱን ነፍቶ ይቆማል፤ አባባም ከበርጩማው ሳይነሳ ወገቡን ይዞ ዝም ብሎ ይጠብቀዋል። «ተንፍስ እንጂ ወንድሜ፤ ፎቶ የምትነሳ መሰለህ?» ይለዋል። ሰውየው ስቆ ሲተነፍስ ሆዱ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ያኔ አባባ በጥፍሩ ምልክት አድርጎ መብሻውን ይመታበታል። ከመብሻው ሥር ክብ ክብ የቆዳ ፍርፋሪ መሬት ላይ ይንጠባጠባል።

ግርማ ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ ሲጠራ አባባ ደራ ወደምትኖረው አክስታችን ላከው። እዚያ ሲያርስ፣ ሲኮተኩት ክረምቱ አለፈ። ለጠየቀን ሁሉ «ጠፍቶብናል» ነበር የምንለው። ካገኙት እንደሚወስዱት፣ ከወሰዱት ደግሞ ወደ ሰሜን እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን፤ ከሰፈራችን ወደዚያ ከሄዱት የተመለሰ አላየንም።

አንድ ቀን አክስቴ ጤፍ ልትሸጥ መጥታ እኛ ቤት አረፈች። «ልጅህ እኮ ከስቶ ሱሪው አልቆም ብሎት በገመድ አስሮ ነው የሚውለው» አለችው አባባን። አባባ በማግስቱ ካለው ቆዳ ሁሉ ደህናውን አውጥቶ ለደንበኛ የማይሰፋውን ድርብ ስፌት ይሰፋ ጀመር። አክስቴ በሌላ የገበያ ቀን ስትመለስ ቀበቶው ምስማሩ ላይ ነበር።

«በል ልውሰድለት» አለች።

«ሳልለካው?»

«በተርታ ብሳው፣ አንዱ አይጠፋም።»

«እንዲያማ ለጋሪ ፈረስም አላደርግም» አለ አባባ። «በገበያ ቀን ከሰው ጋር ተቀላቅሎ ይምጣ። ለክቼለት በዚያው ይመለሳል።»

አክስቴ ራሷን ነቀነቀች እንጂ አልተከራከረችውም። አሁን ሳስበው ናፍቆትም ነበረበት። አባባ ልጄ ናፈቀኝ የሚል ሰው አልነበረም፤ ልለካው እፈልጋለሁ ነው ያለው።

የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ ጋሽ ደበላ ጎረቤታችን ነበር። ልጁና ግርማ አብረው ነው ያደጉት። ጠብመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ በራችን ላይ ሳይቀመጥ የሚያልፍበት ቀን የለም። በዚያ ሰሞን የጠብመንጃ ማንገቻውን ሊያሰፋ መጥቶ ድርብ ስፌቱን አየና በጣቱ ዳሰሰው።

«ይሄ ደግሞ የየትኛው ባለሥልጣን ነው?»

«የአንድ ሾፌር ነው» አለው አባባ።

«መጥቶ አልወሰደውም?»

«ቀዳዳ የለውም እኮ! የቀበሌ ሰው ሆነህ አታይም እንዴ?» አለው አባባ፤ ሁለቱም ሳቁ።

ግርማ በገበያው ቀን ጎህ ሲቀድ ጆንያ ተሸክሞ ገባ። ፀሐይ አጥቁሮት፣ እጁ ሻክሮ፣ የሌላ ቤት ልጅ መስሎ ነበር። አባባ አልሳመውም። «ቁም እዚህ» አለውና ወገቡን ያዘ። ያን ቀን «ተንፍስ» ሳይለው እጁን ወገቡ ላይ እንዳደረገ ብዙ ቆየ። ከዚያ በሳለት። ግርማ ታጥቆት ዞር ዞር ብሎ አሳየኝና ከመጋረጃው ጀርባ ቁርሱን ሊበላ ገባ።

ፀሐይ ሞቅ ሲል ጋሽ ደበላ መጣ። አባባን በስሙ ጠርቶ «አካም ቡልቴ ወርቁ»፣ እንዴት አደርክ፣ ብሎት ተቀመጠ። መጀመሪያ ምስማሩን፣ ቀጥሎ በአባባ እግር ሥር የወደቀውን አዲስ የቆዳ ፍርፋሪ አየ።

«ሾፌሩ መጣ?»

«መጥቶ ወሰደ።»

«ከንጋት ጀምሮ ከጋሪ ተራው ነኝ። ከደጅህ የወጣ ሰው የለም።»

አባባ መርፌውን እንደያዘ ቀረ። «ደበላ፣ አብረን አይደለም ያሳደግናቸው?» አለው፤ ድምፁ የራሱ አይመስልም ነበር።

ጋሽ ደበላ ጠብመንጃውን ከግድግዳው አነሳ። «የእኔው ባለፈው ወር ሄዷል» አለ። «ያንተ ለምን ይቀራል?»

ግርማ ይህን ሰምቶ መጋረጃውን ገልጦ ራሱ ወጣ፤ አባባን እንዳይመቱት ብሎ ይመስለኛል።

ከዚያ ወዲህ ወሬውም አልመጣም። ደርግ ወድቆ ወታደሩ ባዶ እግሩን በከተማችን ሲያልፍ መንገድ ዳር ቆሜ ስጠብቅ ሰነበትኩ። ፊታቸው ሁሉ ተመሳስሎብኝ ስለነበር ወገብ ወገባቸውን ነበር የማየው፤ ብዙዎቹ ሱሪያቸውን በገመድ ነበር ያሰሩት። የጋሽ ደበላም ልጅ አልመጣም። ሁለቱ አባቶች መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዱ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል፤ የትኛው እንደሆነ ቀኑ ይወስነዋል።

አባባ አሁን ማንንም አይለካም። በተርታ ይበሳና «የሚሆንህን ምረጥ» ብሎ ይሰጣል። ቀልዱም ቀረ። ዓይኑ ስለደከመ ክሩን ሰም የምቀባው፣ መርፌ ውስጥ የማስገባው እኔ ነኝ። ትምህርቴን ስድስተኛ ላይ አቆምኩ፤ የሚያገባኝ ሰው መጥቶም እምቢ አልኩ። አክስቴ ምክንያቱን ስትጠይቀኝ ክሩን በሰም ደጋግሜ እስባለሁ።

ያን ቀን ግን ግርማን ሲወስዱት፣ ምልምሎቹን የሚጭነው መኪና እስከቆመበት ድረስ ተከትያቸው ሮጬ ነበር። ግርማ ከመኪናው ላይ ሆኖ አየኝ። እኔ አፌን ከፍቼ አንዲት ቃል ማውጣት አቃተኝ። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ፣ ገበያ እንደሚሄድ ሰው በዝግታ ተናገረኝ፤

«ግቢ፣ አባባ ብቻውን ነው።»