ያልተደገመ ጥያቄ

አስናቀው በመጀመሪያ ጥያቄ እሺ ያለበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው በኮሶዬ ዙሪያ አይገኝም። የዕድር ዳኛ ሁን ሲባል «ኧረ ከእኔ የሚሻል አለ» እያለ ሁለት እሑድ አስለምኖ በሦስተኛው ተቀበለ። ሠርግ ሲጠራ ከበሩ ጥግ ይቀመጣል፤ ክንዱን ይዘው ወደ ላይ እስኪያወጡት ድረስ ከዚያ ንቅንቅ አይልም። አገሩ ይህን ኩራት አይለውም፤ ጨዋነት ይለዋል። ትዳሩም የተገኘው በዚሁ ሥርዓት ነው። ታየችን ሊጠይቁ የሄዱት ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ «ልጃችን ገና ናት» ተብለው ተመለሱ፤ በሦስተኛው አባቷ ዝም አሉ፤ ዝምታቸውም እንደ ፈቃድ ተቆጠረ። የመጀመሪያው እንቢታ የጠያቂው ልብ የሚመዘንበት እንጂ በር የሚዘጋበት እንዳልሆነ የማያውቅ አልነበረም። ታየችን ግን ከሦስቱ በአንዱም ቀን የጠየቃት ሰው የለም።

ይህ ሥርዓት ለሠላሳ ዓመት አስከብሮት ኖረ። የከዳው በሚስቱ ዓይን ነው።

ታየች ትራኮማ ይዟታል። የዐይኗ ቆብ ወደ ውስጥ ታጥፎ ሽፋሽፍቷ ብሌኗን ይፍቃታል። ግራ ዓይኗ ነጭ ከለበሰ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ቀኙን ለማትረፍ አስናቀው እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ፊቷን ወደ ፀሐይ አዙሮ ሽፋሽፍቷን በወረንጦ አንድ በአንድ ይነቅላል። ዕርፍ የለመደው እጁ በዚህ ሥራ አይንቀጠቀጥም። ነገር ግን የተነቀለው ጠጉር አጥሮና ሾሎ ይመለሳል፤ ከበፊቱም ይብሳል።

በመጋቢት ከጎንደር የመጣ የዓይን ሕክምና ቡድን በጤና ኬላው ግቢ ዳስ ጣለ። መዝገቡን የያዘችው ሕሊና የምትባል፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች የከተማ ልጅ ነበረች። አስናቀው ታየችን ከኋላው አስከትሎ ቀረበ።

«ቀዶ ጥገናው ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ነው» አለችው ሕሊና። «ቆቡን ወደ ውጭ ይመልሰዋል። ክፍያ የለውም። ይፈልጋሉ ወይስ አይፈልጉም?»

«ኧረ እናንተ ከሩቅ ደክማችሁ መጥታችሁ! ከእኛ የባሰ ስንት አለ፤ ሌላው ይቅደም።»

«አይፈልጉም ማለት ነው?»

«ምን እናስቸግራችኋለን፣ ይቅር።»

ይህን ብሎ «በሞቴ» የሚለውን ቃል ጠበቀ። ልጅቱ ግን መዝገቡ ላይ ጻፈች። «ስለ መጡ እናመሰግናለን። ሐሳብዎን ከቀየሩ ይንገሩን» ብላ ቀጣዩን ጠራች። አስናቀው የሚቀይረው ሐሳብ አልነበረውም፤ ከመነሻው ሐሳቡ ማሳከም ነበር።

ከአጥሩ ሥር ተቀመጡ።

«ጨረስን?» አለች ታየች።

«ይጠሩናል።»

የዳሱ ሸራ ተጠቅልሎ ማኪናው ላይ እስኪጫን ድረስ ጠበቁ። አንድ ዓይኑ በፋሻ የታሰረው ጎረቤታቸው ቢያዝን ሲያልፍ አያቸውና ሳቀ። «አያ አስናቀው፣ ለሕክምናም ሽማግሌ ይላክብህ?»

አስናቀው ቡድኑ እንደሚመለስ አልተጠራጠረም፤ ከልቡ የፈለገ ሰው ይመለሳላ! ሚያዝያ አለፈ፤ ክረምቱ ገባ። ጤና ኬላው ከቤቱ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው፤ ሄዶ ቡድኑን እንዲያስጠሩለት አንዲት ቃል መናገር ይችል ነበር። አልሄደም። ይቅር ያለውን ነገር ራሱ ደጅ ጠንቶ ቢለምን መዋረድ መሰለው። እዚህ ላይ ለአስናቀው ሰበብ ማብዛት አይገባም። ሰው በገዛ አካሉ ላይ ቢግደረደር ራሱን ይጎዳል፤ በሌላው አካል ላይ ሲግደረደር ግን ጨዋነቱ ቀርቶ ግፍ ይሆናል።

በነሐሴ አንድ እሑድ ወረንጦውን እንደ ያዘ፣ «ምን ይታይሻል?» አላት።

«አንተ ነህ መሰለኝ» አለችው።

መስቀል እንዳለፈ ቢያዝንን ይዞ ጎንደር ወረደ። ቢያዝን በልጅነቱ ከመሪጌታ ሐብተ ማርያም ዘንድ ዜማ ተምሯል፤ ሕሊና ደግሞ የመሪጌታው ልጅ ናት። የደረሱት በምሳ ሰዓት ነበርና ጉዳያቸውን ሳይናገሩ ገበታ ቀረበ። አስናቀው ሁለቴ ጎርሶ እጁን ሰበሰበ።

«ምነው አያ፣ ምን ቀመሱና?» አለች ሕሊና። ማን እንደ ሆነ አላወቀችውም።

«በቃኝ ልጄ፣ ጠግቤያለሁ።»

«በሞቴ!»

«ኧረ በልቻለሁ።»

«አባቴ ይሙት፣ ይቺን ብቻ!» ብላ ጉርሻ ጠቅልላ ዘረጋችለት።

«አንቺ ልጅ፣» አሉ መሪጌታው እየሳቁ፣ «ለአንድ ጉርሻ ልትገድይኝ ነው?»

አስናቀው ጎረሰ። አላምጦ ዋጠ።

«ልጄ፣ ለእንጀራው አባትሽን ገደልሽ» አላት። «በመጋቢት ለሚስቴ ዓይን ምነው አንዲት በሞቴ ነፈግሽኝ?»

ሕሊና ሳህኑን አስቀመጠች። ፊቱን ደጋግማ አየችው፤ አስታወሰችውም።

«እንቢ ያለን ሰው አትጫኑ ተብለን ነው የሠለጠንነው፤ አካሉ የራሱ ነው፣ ፈቃዱም የራሱ።»

«እኔ እንቢ አላልሁም።»

«ይቅር አሉኝ፤ ይቅር ብዬ ጻፍሁ።»

መሪጌታው ሳቃቸውን ተዉት። «አንቺ የዚህ ቤት ልጅ አይደለሽም? የአገርሽን እንቢታ አጣሽው?»

«አላጣሁትም» አለች ቀስ ብላ። «ጠርጥሬ ነበር። ከኋላው ግን ብዙ ሰው ቆሞ ነበር። ደንቡን እስከ ጠበቅሁ ድረስ ማንም አይወቅሰኝም ብዬ አለፍሁት።» ከዚያ ወደ አስናቀው ዞረች። «ሌላም ጥፋት አለብኝ። ዓይኑ የእርሷ ሆኖ ሳለ የጠየቅሁት እርስዎን ነው። እርስዎስ አያ፣ ጠይቀዋት ነበር?»

አስናቀው ወደ ቢያዝን ተመለከተ። ቢያዝን ገበታውን ያይ ነበር።

ሕሊና ጥፋቷን ማመኗ ከጥፋቷ አያነጻትም። ደንብ የተሠራው ሰው እንዳይገፋ ነው፤ እርሷ ግን ሰውን ላለመስማት መጠለያ አደረገችው። ቢሆንም ሰኞ ታየችን ይዞ እንዲመጣ ነገረችው፤ ሰኞም በምትሠራበት የዓይን ክሊኒክ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው።

ባለሙያው ቀኙን ዓይን በመብራት ረጅም ጊዜ መረመረ። «ቆቡን እንመልሰዋለን» አለ። «ብሌኑ ላይ የቀረው ጠባሳ ግን አይነሣም። ያላትን እናቆያለን እንጂ የሄደውን አንመልስም። በበጋው ደርሳ ቢሆን …» አልጨረሰውም።

ሕሊና ከታየች ፊት ዝቅ ብላ እጇን ያዘች። «እናቴ፣ እርስዎን ነው የምጠይቀው። ይፈልጋሉ?»

«ኧረ ምን …» ብሎ ጀመረ አስናቀው፤ አፉ ከልቡ ቀድሞት።

«እፈልጋለሁ» አለች ታየች፤ ድምፅዋ ከፍ ብሎ ኮሪደሩ ላይ ተሰማ። «በመጋቢትም እፈልግ ነበር።»

ፋሻው ሲነሣ ታየች በሩን በብርሃኑ፣ ባሏን በጥላው የምትለይ ሆና ወደ ኮሶዬ ተመለሰች። ፍቂያው ቀርቶላታል፤ በመርፌ ክር ማስገባት፣ ከስንዴው እንክርዳድ መልቀም ግን ከእንግዲህ አይሆንላትም። ወረንጦው ምሰሶው ላይ እንደ ተሰካ ቀረ።

በተመለሱ በሦስተኛው ቀን ራት ላይ አስናቀው ጉርሻ ጠቅልሎ ወደ አፏ አስጠጋ።

«በቃኝ» አለች።

«በሞቴ!»

ታየች እጁን በዳበሳ አግኝታ ገታችው። «አንድ ጊዜ ጠይቀኝ። ከበቃኝ በቃኝ እልሃለሁ፤ ከፈለግሁ እፈልጋለሁ እልሃለሁ። አትግደርደርብኝ፤ ስለ እኔም አትግደርደር።»

አስናቀው ጉርሻውን ወደ ገበታው መለሰ።

«እሺ» አለ።