ለብሔራዊ ቡድን የተተከለ ድንኳን

በሰፈራችን ለጥ ያለ መሬት አንድ ብቻ ነው። ከቁስቋም ማርያም ሥር የሚኖር ሰው ያውቀዋል፤ ቤቱም መንገዱም ዳገት ነው። ያቺን ሜዳ እግዚአብሔር ለልጆች ያስቀራት ይመስለኛል። ልጄ ኳስ የለመደችው እዚያ ነው። አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን ወርውራ ከጓደኞቿ ጋር ትጫወታለች። የታዳጊ ሴቶች ምልመላ በጥር መጨረሻ እንደሚደረግ ከሰማች ወዲህ ሌላ ወሬ አልነበራትም።

አገራችን ደግሞ በዚያው ጥር ለሚደረገው የአፍሪካ ዋንጫ አለፈች። በየጊዜው የሚገኝ ጸጋ ስላልሆነ ተመስገን አልኩ። የሰፈሩ ወንዶች ግን በተመስገን ብቻ አልረኩም። የወንዶች እድር ሊቀ መንበር ቤቴ ድረስ መጡ። እኔ የሴቶች እድር ንብረት ያዥ ነኝ፤ የድንኳኑና የወንበሩ ቁልፍ እኔ ጋ ነው።

«እትዬ፣ ድንኳኑን ፈልገን ነበር» አሉኝ።

«ማን ሞተ?»

«ኧረ አይሙትብን! ለብሔራዊ ቡድኑ ነው። ትልቅ ቴሌቪዥን ተገኝቷል፤ ሜዳው ላይ ሆነን አብረን እንየው ብለን ነው።»

«ልጆቹስ የት ይጫወታሉ?»

«አንድ ጨዋታ ነው እኮ። እነሱም ቁጭ ብለው አይተው ይማራሉ።»

ባሌ ከኋላዬ ሆኖ «ስጪያቸው እንጂ፣ የአገር ጉዳይ ነው» አለ። ባሌ ሸማኔ ነው፤ ሲነጋ የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ሲመሽ ይወጣል። በዚያ ሰሞን ግን የአገር ጉዳይ ስለያዘው ጉድጓዱ ባዶውን ይውል ነበር። ሰጠሁ።

የመጀመሪያውን ተሸነፍን። እኔ የሰማሁት ከጓዳ ነው፤ በመጀመሪያ ጩኸት፣ ቀጥሎ ዝምታ፣ ከዚያ ማብራሪያ። ማብራሪያው ከጨዋታው ይረዝማል። ሻይ ይዤ ወደ ድንኳኑ ስገባ አንዱ ቆሞ እጁን ያወናጭፋል።

«ኳሱ እኮ እኛ ጋ ነበር!»

«እኛ ጋ ሆኖ ምን ሠራንበት?»

«ቆንጆ ነው የተጫወትነው፣ አትካድ።»

«ቆንጆማ ነን። ጎሉ ነው የጠፋው።»

ዳኛው ጠላታችን መሆኑ ተረጋገጠ። አሠልጣኙ መባረር እንዳለበት ተወሰነ። ሣሩም ረዝሟል ተባለ። ይህን ሁሉ የሚሉት የገዛ ልጆቻቸው ከሚጫወቱበት ሣር ላይ ወንበር ዘርግተው ነው። እኔ ሻዩን አድዬ ወጣሁ።

«እማ፣ ድንኳኑ ነገ ይነቀላል አይደል?» አለችኝ ልጄ።

ሊቀ መንበሩን ጠየቅኳቸው። «ሁለተኛው ጨዋታ ደረሰ እኮ፤ ነቅሎ መትከል ድካም ነው» አሉ። ድካም እንደማይወዱ ከአቀማመጣቸውም ያስታውቃል። ሴቶቹ ልጆች ኳሳቸውን ይዘው ወደ ዳገቱ አስፋልት ወጡ። እዚያ አንድ ጊዜ ያመለጠች ኳስ የምትገኘው ታች ሽሮ ሜዳ ነው። ልጄ ከመጫወት ይልቅ ኳስ ስታሳድድ ትውልና ታኩርፋለች፤ በሳምንቱ መሄዱንም ተወችው።

ሁለተኛውንም ተሸነፍን። ባሌ በዚያ ምሽት ራት ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለማርያም ጥላ ተሳይ እስቲ። ያንቺን ትሰማለች» አለኝ።

«እኔ የምሳለው ሰው የሚችለውን ሁሉ አድርጎ ሲያቅተው ነው» አልኩት።

እንጀራውን ጠቅልሎ ጎረሰ።

ሦስተኛውም እንደዚያው ሆነና ቡድኑ ወደ አገሩ ሊመለስ ሻንጣውን ያዘ። ወንዶቹ ግን አልተነሡም። በማግስቱም አገጫቸውን ይዘው የእድሩ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ አንዲት አሮጊት ድንኳኑን አይተው ነጠላቸውን እንደ ለቀስተኛ አዘቀዘቁና እንባቸውን እየጠረጉ ገቡ። ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው አንዱን ጎረምሳ ጠየቁት።

«ማን ነው ልጄ?»

«ብሔራዊ ቡድኑ ነው እማማ።»

«ነፍስ ይማር። ታሞ ቆይቶ ነው?»

«ብዙ ቆይቷል እማማ።»

«እና አስታማሚ አልነበረውም?»

ጎረምሳው ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ። እኔ ግን እዚያ ከሰማኋቸው ሁሉ የእሳቸውን ያህል ነገሩ የገባው ሰው አላየሁም።

ምልመላው ሊደርስ ጥቂት ቀን ቀረው። ሊቀ መንበሩ ደግሞ ዋንጫውን ማን እንደሚበላ እስክናይ ድንኳኑ ይቆይ ማለታቸውን ሰማሁ። በእኛ ወግ ለቅሶ ሣልስቱ ሲወጣ ድንኳን ይነሣል፤ የፈለገ ትልቅ ሰው ቢሞት ይኸው ነው። ነጠላዬን ደርቤ ሄድኩና መሐል ቆምኩ።

«ሦስቱም አለፉ። ሣልስቱ ወጥቷል፤ ድንኳኑ ይነሣ።»

«እትዬ፣ ትንሽ ቀን ቢታገሡን? የሌሎቹን አይተን እንድንማር ነው» አሉ ሊቀ መንበሩ።

«ተምራችኋል፤ ይበቃችኋል።»

ባሌ ከፊት ወንበር ተነሣ። «አንቺ ሴትዮ፣ ሰው እየተወያየ እኮ ነው! ለምን እንደምንሸነፍ ነገሩን ከሥሩ እያየን ነው።»

«የሽመና ጉድጓድህ ላይ ድንኳን ቢተከልበት ስንት ጋቢ ታወጣ ነበር?» አልኩት።

አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ። ቀጥሎ ሌላው። ባሌ አልሳቀም፤ ጎንበስ ብሎ የመጀመሪያውን ካስማ ነቀለ። ወንበሩን ቆጥሬ ተረክቤ መጋዘኑን ቆለፍኩ። ሜዳው ካስማ በተነቀለበት ሁሉ ተቦርቡሯል። ሴቶቹ ልጆች በጣሳ አፈር እያመጡ ደፈኑት፤ በቀሩት ቀኖች የቻሉትን ያህል ሮጡበት።

ምልመላው ታች ባለ ሰፊ ሜዳ ላይ ነበር። አባቷ ሳይጠራ ተከተለን። ልጄ መጀመሪያ ላይ ሁለት ሦስት ልጅ አልፋ ስትሄድ ልቤ ዘለለ። ከዕረፍት በኋላ ግን እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ መቆም አበዛች። መልማዩ ጠሯት።

«እግርሽ ጥሩ ነው። ትንፋሽ ግን የለሽም። ልምምድ አቁመሽ ነበር እንዴ?»

አባቷን አየችው። አንገቱን ደፋ።

«ትንሽ አቁሜ ነበር» አለች። ሌላ አልጨመረችም። በእኔ ወጥታለች፣ ተመስገን።

«ከክረምት በኋላ ደግመን እናያለን። ያኔ ነይ» አሏት።

እንባዋን ታክሲ ውስጥ ጨረሰች። ለአገሩ ሽንፈት ያን ሁሉ ምክንያት የደረደረው ባሌ ለዚህኛው አንድም አልነበረውም። እኔም አልጠየቅሁትም። እሱ የሚያውቀውን ብነግረው ምን ይጠቅመዋል?

በሦስተኛው ቀን ኪዳን አድርሼ ስመለስ፣ ገና ፀሐይዋ ሳትወጣ፣ ዳገቱ ላይ ሁለት ሰው አየሁ። ልጄ ከላይ ደርሳ ወገቧን ይዛ ቆማለች። አባቷ ከታች ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያለከልካል፤ ባረጀ የሰንበት ጫማው ነው የመጣው።

«አንቺ ሂጂ ልጄ፣ እኔ እዚሁ ሆኜ አይሻለሁ!» አላት።

«ተመልካችማ ሞልቷል አባዬ! ና!»

ድንጋዩን ተደግፎ ተነሣ። ጥቂት እንደ ሄደ ቆመ፤ ደግሞ ሄደ። እስኪደርስባት ጠበቀችውና ተያይዘው ወደ ላይ ቀጠሉ። እኔም አማትቤ ቁርሳቸውን ላሰናዳ ወደ ቤት ገባሁ።