እምቢ ያለው ሎደር

ወንድሜን ገደለው የተባለውን ሞተሪኖ በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልለው ሰጡኝ። ሰመራ ነው፤ ይሠራበት በነበረው የመንገድ ሥራ ድርጅት ግቢ ውስጥ። የመሣሪያ ሳጥኑና ልብሱም አብሮ ነበር። የጋራዡ ኃላፊ ጆንያውን በጫማው ጫፍ ገፋ አደረገና፣

«ይሄ ነው ጉድ ያደረገን። ተቃጥሎ ነበር። አዲስ ገጥመን ነው ሎደሩ የተነሳው» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወንድምህ ጎበዝ ነበር፤ አላህ ይማረው። ግን ቸኮለ» አለ።

ስልኩ እንደተደወለልኝ ከአዋሽ በተገኘው መኪና ወጥቼ፣ ስደርስ ጀናዛው ተቀብሮ ነበር። ሙቀቱ አያስጠብቅም አሉኝ። ልክ ናቸው፤ በሰመራ ሙቀት አይጠበቅም። ግን ወንድሜን ሳላየው አፈር ነው ያየሁት። አፈር እንኳ አይደለም፣ ጠጠር ነው።

ቤት ስመለስ ያቺ ቃል ቀድማኝ ደርሳ ነበር። ለቅሶ የሚመጣው ሁሉ ይደግማታል። «ልጁ እኮ ቸኮለ አሉ።» «ሙያተኛ ሲቸኩል እንዲህ ነው።» ሰዎቹ ክፉ አይደሉም። አንድ ነገር ማለት ስላለባቸው ነው። እናቴ ግን ጥግ ላይ ተቀምጣ እያንዳንዱን ትሰማለች። አንድ ቀን ሰው ሲወጣ ጠብቃ ጠራችኝ።

«አንተ ሥራውን ታውቃለህ። ልጄ በገዛ እጁ ነው የሞተው?»

ሥራውን አውቃለሁ። ያስተማረኝ እሱ ነው። ግን መልሱን አላውቅም ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ የሠራሁት ሁሉ ለዚህች ጥያቄ ነው።

ሞተሪኖ ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው። ትልቁ ሞተር በራሱ አይነሳም፤ የሚቀሰቅሰው ይፈልጋል። ቁልፍ ሲዞር ባትሪው ለሞተሪኖው ኃይል ይሰጠዋል፣ ሞተሪኖው ጥርሱን አውጥቶ ትልቁን ሞተር ያሽከረክረዋል፣ ሲነሳ ጥርሱን ይሰበስባል። ሥራው የአፍታ ነው። ማሽን አልነሳ ካለ ግን መጀመሪያ የሚወቀሰው እሱ ነው።

አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር ወንድሜ ወደ ሙያው አስገባኝ። አሁን አዋሽ ላይ የከባድ መኪና ኤሌትሪክ እሠራለሁ። የመጀመሪያ ሰሞን አንድ ግሬደር አልነሳ ብሎ፣ እኔ የብሎን መፍቻ ይዤ በቀጥታ ሞተሪኖውን ልፈታ ስል እጄን ያዘኝ።

«ምን አድርጎህ ነው የምትፈታው?»

«አይዞርም እኮ።»

«አንተ ሞተሪኖን እንደ ቤት ሠራተኛ አደረግከው። ዕቃ ሲጠፋ መጀመሪያ እሷ ናት የምትፈተሸው። እስቲ የቤቱን ሰው አስቀድመህ ጠይቅ!»

የቤቱ ሰው የሚለው ባትሪውን ነው። ቀጥሎ የባትሪውን ራሶች፣ ነጭ ዱቄት ይዘው እንደሆነ። ቀጥሎ ማሳውን፣ ማለት ኃይሉ ወደ ባትሪው የሚመለስበትን ወፍራም ሽቦ። እኛ አገር አቧራውና ጨው ያለበት ነፋስ መጀመሪያ የሚበላው እሱን ነው። ከዚያ ጆሮ። ቁልፉ ሲዞር ደጋግሞ ቀጭ ቀጭ ካለ ኃይሉ አንሷል። አንድ ጊዜ ቀጭ ብሎ ከቆመ ሞተሪኖው ራሱ ሊሆን ይችላል። ምንም ካላለ፣ ጭጭ ካለ፣ ትእዛዙ ሞተሪኖው ዘንድ አልደረሰም።

«ጭጭ ካለ ሞተሪኖውን አትንካው» ይለኝ ነበር። «አልሰማም እኮ። ያልሰማን ሰው ለምን አልመጣህም ብለህ ትመታዋለህ?»

በዚህ መንገድ ላይ ግን ማንም እንዲህ አይሠራም። ከአዋሽ እስከ ሰርዶ፣ ከዚያም አልፎ፣ አልነሳ ያለ ማሽን ካለ ካቻቢቴ ይወጣል። ሞተሪኖው ላይ ያሉትን ሁለት ብሎኖች በካቻቢቴው ታገናኛለህ፣ ብልጭ ይላል፣ ሞተሩ ይነሳል። ትእዛዙ በቁልፉ በኩል አይሄድም፤ በእጅህ ነው የሚሄደው። ሥራ አይቆምም፣ ኃላፊ አይጮህም። ወንድሜም ያደርገው ነበር። ብቻ አንድ ነገር ሳይል አይነካም፤ «መጀመሪያ ካቢኑ ላይ ወጥተህ ማርሹን በዓይንህ እይ።»

በዓይንህ። ይሄን ነበር ለራሴ ስደጋግም የከረምኩት። በካቻቢቴ ሲያስነሳው ሎደሩ ሄደበት ነው ያሉኝ። ካየ እንዴት ሞተ? ካላየ ለምን አላየም?

ጆንያውን ከሰመራ ይዤ ስመጣ አውቶቡሱ ውስጥ በእግሮቼ መሀል ነበር ያደረግሁት። ረዳቱ በጫማው ነካ አደረገውና «ምንድነው ይሄ?» አለኝ።

«ብረት ነው።»

«ብረትማ ጣሪያ ላይ ነው የሚጫነው። ወርቅ ነው ብትለኝ ይሻል ነበር።»

ሰው ሳቀ። እኔ አልተነሳሁም፤ እሱም ፊቴን አየና ተወኝ።

ለብዙ ጊዜ አልከፈትኩትም። እናቴ ከጠየቀችኝ በኋላ ነው ጆንያውን የፈታሁት። ሱቄ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩትና መጀመሪያ ዝም ብዬ አየሁት። ሁለቱ ብሎኖች ላይ ካቻቢቴው የነካበት ጥቁር ነጥብ አለ። በጥፍሬ ልፍቀው አልኩና ተውኩት። ከወንድሜ እጅ የቀረ የመጨረሻ ሥራ ነው።

ከዚያ እሱ ባስተማረኝ ቅደም ተከተል ሄድኩ። ዘንጉን በእጄ አዞርኩት፤ አይያዝም፣ አይወዛወዝም። ጥርሱ አልተበላም። የኋላ ክዳኑን ፈታሁ። እየተፋተጉ የሚያልቁት ካርቦኖች ወፍራም ናቸው፣ ገና ብዙ ይሠራሉ። የሚነኩበት መዳብ ንጹሕ ነው። የተቃጠለ ሽታ የለም። የተቃጠለ ሞተሪኖ ሽታው ከወር በኋላም አይለቅም። መልሼ ገጠምኩት፣ በማሰሪያው አጥብቄ ሁለት ባትሪ አገናኘሁና ኃይል ሰጠሁት።

ጠረጴዛው ተነቃነቀ። ጥርሱ ወጣ፣ ዞረ፣ ሲጮህ ጎረቤቴ ጎማ ሠሪው ሳይቀር ዞሮ አየ።

«አዲስ ነው?» አለኝ።

«አሮጌ ነው።»

«ታዲያ ጤነኛ ነው!»

ጤነኛ ነው። በእጄ ያለውን ሽቦ ለቅቄ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። የተናደድኩት ያኔ ነው። ሞተሪኖው ደህና ከሆነ፣ ባትሪውም ደህና ነበር፤ አለዚያ በካቻቢቴም አይነሳም። ሽቦውም ደህና ነበር። የቀረው በቁልፉና በሞተሪኖው መካከል ያለው ነው። እዚያ መካከል ሎደር ላይ አንዲት ትንሽ ማብሪያ አለች። ማርሹ ዜሮ ላይ ካልሆነ ትእዛዙን ትቆርጣለች። ማሽኑ ተነስቶ ሰው ላይ እንዳይሄድ ነው የተሠራችው። በቁልፍ ብትሞክር እምቢ ትላለች። ካቻቢቴ ግን በእሷ በኩል አያልፍም።

ማርሹ የት ላይ እንደነበር የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር የቀረው፤ ካቢኑ ውስጥ የነበረው ኦፕሬተር። ሥራውን ለቆ ጭፍራ ወፍጮ ቤት ገብቷል አሉኝ። ሚሌ ወርጄ በሌላ መኪና ጭፍራ ገባሁ። የገበያ ቀን ነበር። ወፍጮ ቤቱን በጩኸቱ አገኘሁት። ዱቄት ለብሶ ወጣ፤ ሲያየኝ አወቀኝ። ከወንድሜ ጋር እንመሳሰላለን።

«ልትከሰኝ ነው የመጣኸው?» አለኝ፣ ሰላም ሳይለኝ።

«ሞተሪኖው ደህና ነው።»

ውሃ አስመጣልኝ። ጥላው ላይ ተቀመጥን።

«ቁልፉን ስታዞር ምን አለ?» አልኩት።

«ምንም።»

«ቀጭ እንኳ?»

«ጭጭ ነው ያለው።»

«ማርሹስ?»

እጁ ላይ ያለውን ዱቄት ማራገፍ ጀመረ። አራገፈው፣ አራገፈው።

«ለዙህር ስወርድ እንዳለ ነው ያጠፋሁት። ወደፊት ላይ ነበር። የእጅ ፍሬኑ ድሮም አይዝም፣ ድንጋይ ነው የምናስደግፈው። ሰግጄ ስመለስ አልነሳ አለኝ። ወንድምህን ጠራሁት።»

«አልጠየቀህም?»

«ጠየቀኝ። ጎማው ጋ ሆኖ ‹ዜሮ ነው?› አለኝ። ‹ዜሮ ነው› አልኩት።»

«አይተህ?»

«አላየሁም።» ቀና ብሎ አየኝ። «ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምንባባለው እኮ። እሱ ዜሮ ነው ይላል፣ እኔ ዜሮ ነው እላለሁ። እንደ ሰላምታ ነው። ሰው ደህና ነህ ሲልህ ራስህን ዳስሰህ ነው እንዴ ደህና ነኝ የምትለው?»

የወንድሜ ዓይነት ቀልድ ነበር። አብረው ስለሠሩ ይሆናል። ልመታው እጄን ጨብጬ ነበር፤ እሱም አይቷል፣ አልሸሸም።

«ፍሬኑን እስክረግጥ…» አለና አልጨረሰውም። ከዚያ፣ «ወንድምህን ከጎማው ሥር ሲያነሱት ማርሹን ዜሮ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ለማንም አልነገርኩም። ሞተሪኖው ነው ሲሉ ዝም አልኩ» አለኝ።

አዲሱን ሞተሪኖ ሲገጥሙ ሎደሩ በቁልፍ የተነሳው ለዚህ ነው። አሮጌውም ቢሆን ይነሳ ነበር። ሎደሩ አንድም ነገር አልተበላሸም። ማርሽ ውስጥ ነኝ፣ አልነሳም ብሎ ነበር። ከእኛ ሁሉ ትክክለኛው እሱ ነበር።

ከጭፍራ በቀጥታ ቤት መሄድ አልሆነልኝም። ሰመራ ገባሁ። ኃላፊውን ግቢው በር ላይ አገኘሁት። ሎደሩ ከኋላው ጠጠር እየጫነ ነበር፤ ያው ሎደር። ሁሉንም ነገርኩት፤ የኦፕሬተሩን ብቻ ሳይሆን የእጅ ፍሬኑንም። በትዕግሥት ሰማኝ። ይሄ ነው የበለጠ ያቃጠለኝ።

«እሺ፣ አሁን ምን ይደረግ ነው የምትለው?»

«ቸኮለ አትበሉ።»

«እሺ አንልም። ግን የነካው እሱ አይደል?» አለኝ። ከዚያ አንድ ነገር እንዳስታወሰ ሰው፣ «ቆይ፣ ሞተሪኖው ደህና ነው ነው የምትለው?»

«ደህና ነው።»

«እንግዲያውማ መልስልን። ሁለተኛው ሎደር ላይ ይሆነናል።»

ጥዬው ሄድኩ። የእጅ ፍሬኑን ሠርተውት እንደሆነ እንኳ ሳልጠይቅ። ዞር ብዬ ሳይ ግን ጎማው ሥር የሚደገፈው ድንጋይ እዚያው ነበር።

እናቴ እንደገባሁ ነገሩን ከፊቴ አወቀችው። ቁጭ ብዬ ነገርኳት። ማብሪያዋን ለማስረዳት ስታገል አስቆመችኝ። ባሏ፣ አባታችን፣ ዕድሜውን ሙሉ እዚህ አዋሽ ባቡር ጣቢያ ፉርጎ ሲቀጥል የኖረ ሰው ነው። ስለ ብረት ብዙ ሰምታለች።

«አባታችሁ ፉርጎ መሀል ሊገባ ሲል፣ ፍሬኑን በእጁ ሳይነካ አይገባም ነበር» አለች። «ተይዟል ሲሉት አውቃለሁ ይልና ሄዶ ይነካዋል። ሰዎቹ ይቀየሙት ነበር፣ አታምነንም ወይ እያሉ።»

«ወንድሜም ያውቅ ነበር እማ። እኔን ያስተማረኝ እሱ ነው።»

«ታዲያ ለምን ወጥቶ አላየም?»

አላውቅም። ፀሐዩ ነው እንዳልላት፣ ለምዶታል። ኃላፊው ጮሆበት ነው እንዳልላት፣ አልነበርኩም። ምናልባት አሥር ጊዜ ጠይቆ አሥር ጊዜ ልክ ሆኖለት ይሆናል። ሰዎቹ ቸኮለ ይላሉ። እኔ አመነ ነው የምለው። አመነ ማለት ከቸኮለ እንደሚሻል ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ሁለቱም እዚያው ጎማ ሥር ነው የሚያደርሱት።

«በገዛ እጁ ብቻ አይደለም» አልኳት በመጨረሻ። ከዚህ የተሻለ እውነት አላገኘሁላትም።

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ከውስጥ ሆና፣ «እምቢ ሲል ባይነኩት ምን ነበር» አለች። ለእኔ አልነበረም የተናገረችው።

ኃላፊው ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ደወለ። መጀመሪያ አላነሳሁም። በሁለተኛው ሱቄ ውስጥ ነበርኩ፤ ሞተሪኖው ከጠረጴዛው ሥር፣ ጆንያው ላይ ተቀምጧል። ጥቁሩ ነጥብ እንዳለ ነው።

«ያቺን ሞተሪኖ መቼ ትልክልናለህ? ማሽን ቆሞብናል» አለኝ።

«ተቃጥሏል ብለህ አይደል የሰጠኸኝ?»

«አንተ ደህና ነው አልክ እንጂ!»

«ተቃጥሏል» አልኩትና ስልኩን ዘጋሁት።