ከዳባቷ የምትበልጥ ማሽን

«ደጋ ነው አገሬ፣ ብርድ ነው ልብሴ፣
እም… እምምም… ትሙቅልኝ ነፍሴ።»

ዘቢደር መሀሉን አታውቀውም። ዳርና ዳሩ ቀርቷት ወገቡ ጠፍቶባታል። አምባራስ ላይ፣ ልጅ ሳለች፣ እናቷ ገብስ ሲሸክሹ የሚያንጎራጉሩት ነበር። እሷም ይኸው በጥር ጧት፣ ደባርቅ ጓሮዋ ውስጥ፣ ክንዷን እስከ ክርኗ ገንዳ ውስጥ ነክራ ታንጎራጉረዋለች። የጠፋው ስንኝ ጋ ስትደርስ በአፍንጫዋ ታልፈዋለች፤ «ትሙቅልኝ» ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ይለሰልሳል፤ ከዚያ እንደገና ከመነሻው።

ሥራዋ የተራራውን ብርድ ማጠብ ነው ቢባል ይቀላል። ወደ ሰሜን ተራሮች የሚወጡ እንግዶች የሚያድሩባቸውን ድንኳኖች፣ «ስሊፒንግ ባግ» የሚሏቸውንም ላባ የተጠቀጠቀባቸው የመኝታ ከረጢቶች ከአስጎብኚዎች ትቀበላለች፤ ታጥባለች፣ ታደርቃለች፣ የተቀደደውን ትሰፋለች። ገመዷ ላይ የሚንጠለጠለው ቀይና ሰማያዊ ከረጢት ከሩቅ ሲያዩት፣ ሰዎች አካላቸውን ጥለው ወደ ተራራው የሄዱ ይመስላል። ባሏ ያርጋል ተራራው ላይ፣ ሳንቃ በር በሚባለው ሰፈር፣ የፓርክ ጠባቂ ነው፤ ቤቱን የሚያየው በወር አንዴ ነው። ልጆቿን ድራ ጨርሳለች። ቤቱ ጭር እንዳይል ያደረጉት እናቷ እማሆይ ዓለምብርሃን ነበሩ።

ነበሩ። እማሆይ ለኅዳር ጽዮን ዳባት ወረዱ፤ ታናሽ ልጃቸው ሠርካለም ዘንድ። «በዓሉን አክብሬ እመጣለሁ» ብለው ነበር። ጽዮን አለፈች፤ ገና አለፈ፤ ጥምቀት እንኳ ታቦቱ ወጥቶ ገባ። እማሆይ አልመጡም።

ያስቀራቸው አንድ ማሽን ነው ተባለ።

የሠርካለም ልጅ ከዱባይ ስትመጣ ለእናቷ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ፣ ከጀሪካን ብዙም የማትበልጥ የበረዶ ማሽን ይዛላት መጣች። ውሃ ትጠጣለች፣ ታጉረመርማለች፣ ከዚያ በረዶ ታወጣለች፤ ያውም እንደ ሽንብራ የደቀቀ፣ ሲያኝኩት ፍርክስ የሚል። እማሆይ የደም ግፊት መድኃኒት ከጀመሩ ወዲህ አፋቸው ይደርቃል። ጥርሳቸው ካለቀ ደግሞ ቆይቷል። ቆሎ ሲያዩ ነፍሳቸው የምትወጣ ሴት፣ ስንት ዘመን ሙሉ በዓይናቸው ብቻ ሲቆረጥሙ ኖረዋል። ያ በረዶ በባዶ ድዳቸው መሀል ቅርሽም ሲል ምን እንደተሰማቸው እንግዲህ ጥርስ ያለው ሰው አይገባውም።

አንድ ቀን ደወሉ።

«ዘቢ፣ እስቲ ስሚ» አሉና ስልኩን አፋቸው ላይ ደቀኑት። ቅርሽም፣ ቅርሽም። «ሰማሽ? ጥርስ አበቀልሁ እኮ!»

ከኋላ የሠርካለም ሳቅ ተሰማ።

«እሰይ እማ፣ እሰይ» አለች ዘቢደር። ስልኩን ዘግታ ግን ገንዳው ውስጥ ያለውን ከረጢት እንደ ጠላት ጠመዘዘችው።

ሠርካለም መጀመሪያ ጫማ የተገዛላት ናት። ሠርካለም ሜዳ አገር ያገባች፣ የገብስ ነጋዴ ባሏ ቻላቸው በሄደበት ስሟን የሚያነሳላት ናት። ሠርካለም ልጇ ባሕር ተሻግራ የምታስታውሳት ናት። ይህን ሁሉ ዘቢደር አየች፤ ይህን ሁሉ «ይሁንላት» ብላ ውጣዋለች፤ ቢያንቃትም ውጣዋለች። እናቷን ግን! እናቷን በአንድ እፍኝ በረዶ!

ከዚያ ወዲያ ያ ቅርሽምታ አልለቅ አላት። በቅሎዎች በበሯ ሲያልፉ በጠጠሩ ላይ ትሰማዋለች። ጧት ድንኳን ስታራግፍ የያዘው ውርጭ እየተሰባበረ ሲወድቅ ትሰማዋለች። ገንዳዋ አናት ላይ ሌሊት የጋገረውን ስስ በረዶ በክርኗ ስትሰብረው፣ ስብርባሪውን አንስታ ወደ ብርሃን ያዘችው። በረዶ እንደሆን ደባርቅ አላጣችም፤ ግን የሳሙናና የእንግዳ ካልሲ ሽታ ያለበት ነው። ወረወረችውና እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ ገበያ ወጣች።

ሀሚድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቁ ውስጥ ካፖርቱን እንደለበሰ ተቀምጧል።

«የበረዶ ማሽን አለህ?»

«ዘቢደር፣ አመመሽ እንዴ? እኔ እዚህ ምድጃ ሸጬ አልጠግብም፣ አንቺ በረዶ?»

«አለህ ወይስ የለህም?»

«አለ እንጂ። ለሆቴሎቹ ብዬ ሁለት አምጥቼ አቧራ ሲጠጡ ከረሙ።» ወደ ጓዳው ዞረ። «ነሲባ! ነይ እዪ የአላህን ሥራ፤ ደባርቅ ላይ በረዶ የሚገዛ ሰው ተገኘ!»

ሚስቱ ነሲባ እየሳቀች ወጣች፤ ሁለቱን ማሽኖች ከመደርደሪያው ሥር ስባ አቧራቸውን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። አንደኛዋ ረዘም ያለች፣ እንደ መስታወት የምታብለጨልጭ፣ ደረቷ ላይ ሰማያዊ መብራት ያላት ናት። ሁለተኛዋ ድንክ፣ ጥቁር፣ ሰው ዞር ብሎ የማያያት ናት።

«ይቺ ትልቋ» አለች ነሲባ፣ «አውራ ጣት የሚያህል በረዶ ነው የምትሠራው። ቶሎ ታደርሳለች። በረዶዋ ግን ድንጋይ ነው፤ ለለስላሳ፣ ለእንግዳ መጠጥ ይሆናል። ይቺ ትንሿ ቀስ ትላለች፤ ትጮኻለች፤ ቶሎ ቶሎ ካላጠቧት ታኮርፋለች። ግን በረዶዋ እየተፋቀ፣ እየተጨፈለቀ ነው የሚወጣ፤ ፍርፋሪ ነው፤ ሕፃን ያኝከዋል። ለማን ነው የምትገዢው?»

ዘቢደር ግማሹንም አልሰማችም። ዓይኗ ሰማያዊው መብራት ላይ ነው።

«ዳባት፣ ሠርካለም ቤት ያለችው የትኛዋን ትመስላለች?»

«አላየኋትም» አለ ሀሚድ፤ «ሰው ሲያወራ ግን ይቺን ትንሿን የምትመስል ይመስለኛል።»

«እንግዲያው ትልቋን።»

«እህቴ፣ ለማን እንደሆነ እኮ አልነገርሽኝም» አለች ነሲባ።

«ለእናቴ።»

«ለእማሆይ? እማሆይ እኮ ጥርስ…»

«ነሲባ፣ እናቴን እኔ አላውቃት ይሆን?»

ነሲባ ከንፈሯን ነከሰች። «ታውቂያለሽ። ብቻ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ማሽኗ ብርድ አትወድም። የቀዘቀዘ ክፍል ካስገባሻት ሥራው ይጠፋባታል።»

«አሞቃታለሁ» አለች ዘቢደር። ዋጋ እንኳ ሳትከራከር ከፈለች፤ ሀሚድ የደነገጠው ያን ጊዜ ነው።

ቤት አግብታ የእናቷ አልጋ አጠገብ፣ ጠረጴዛ ላይ ሰየመቻት። ወዲያው ዳባት ደወለች። «እማ፣ ቅዳሜ ነይ። በረዶ አለኝ። የኔ ትልቅ ነው።»

ቅዳሜ ጧት ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ነጋ። ማሽኗ ውሃዋን ጠጥታ አቃሰተች፤ ብዙ ቆይታ እንደ እንቁላል ቅርፊት የሳሳ ነገር ጣለች፤ ደግሞ አቃሰተች። ዘቢደር የነሲባ ቃል ትዝ አላት። ብርድ አትወድም። ምን ታልብሳት? ወደ ገመዷ ወጣች። ከሁሉም የተሻለው ከረጢት፣ ራስ ዳሸን ጫፍ የሚያድሩ እንግዶች የሚገቡበት ወፍራሙ፣ ደርቆ ተሰቅሏል። የራስ ዳሸንን ሌሊት የቻለ የደባርቅን ጧት ያቅተዋል? አወረደችው፤ ማሽኗን ከነመብራቷ ከተተችበት፤ ዚፑን እስከ አንገቷ ሳበችላት፤ በረዶ የምታወጣበት አፏ ብቻ ቀረ። ሕፃን እንዳዘለ ሰው መታ መታ እያደረገች «አይዞሽ» አለቻት።

ማሽኗም ሞቅ አላት። አንድ ሳህን ሙሉ አውራ ጣት አውራ ጣት የሚያህል፣ የሚያንጸባርቅ በረዶ ሰጠች። ዘቢደር ሳህኑን ይዛ ልቧ እንደ ጥምቀት ከበሮ መታ። ዳባት እንግዲህ ምን ይዋጥሽ! ይህን ስትል ማሽኗ ረዥም ትንፋሽ ተነፈሰች፤ ሰማያዊው መብራት ቀይ ሆነ፤ ጸጥ አለች። ከረጢቱን ብትዳስሰው እንደ በሽተኛ ግንባር ይፋጃል። ዚፑን ልትከፍት ስትል በር ተንኳኳ።

ሠርካለም እናቷን ደግፋ ገባች። እማሆይ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው፣ ቤቱን በዓይናቸው ዞረው፣ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ዘቢደር ጉልበታቸውን ስማ ሳታበቃ ሳህኑን ዘረጋችላቸው።

«እንኪ እማ። ቅመሺ።»

እማሆይ አንዱን አንስተው ጎረሱ። ሁሉም ጆሮውን አቆመ። ቅርሽምታ የለም። በረዶው ከቀኝ ጉንጫቸው ወደ ግራ ጉንጫቸው ሄደ፤ ተመለሰ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ጥሩ ነው፣ ልጄ» አሉ፤ ፊታቸውን ዞር አድርገው የነጠላቸው ጫፍ ውስጥ ጣል አደረጉት።

«እማ፣ ድድሽን ታቆስይዋለሽ!» አለች ሠርካለም።

«አንቺ ምን አገባሽ? እናቴን ነው የጋበዝሁ!»

«እኔ ምን አልሁ?» ስትል የሠርካለም ዓይን ጠረጴዛው ላይ አረፈ። «ይሄ የተኛው ማነው?»

«ማሽኗ ናት።»

«ታመመች?»

«በርዷት ነው።»

ሠርካለም ምሰሶውን ተደግፋ ሳቀች። «ለበረዶ ማሽን ጋቢ! ኧረ የዳባት ሰው፣ ይህን ብነግራችሁ ማን ያምነኛል!»

«ንገሪያቸው!» ዘቢደር ጮኸች። «ሂጂ ንገሪ! ጫማው ላንቺ፣ ሜዳው ላንቺ፣ ባልሽ እንኳ በየገበያው የሚያወራው ስላንቺ። አልበቃሽም፤ እናቴን ደግሞ ጨመርሽ!»

የሠርካለም ሳቅ ተቆረጠ።

«እናቴን አልሽ? ያንቺ ብቻ ናት? ስንት ዘመን ይዘሻት ስትኖሪ እኔ ዳባት ቁጭ ብዬ በዓል በመጣ ቁጥር ‹ዛሬም ዘቢ ጋ ናት› እያልሁ አልቅሻለሁ። እኔ ስቀና ማን ጠየቀኝ?»

ዘቢደር ሠርካለም ትቀናለች ብላ በሕልሟም አስባው አታውቅም።

እማሆይ መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ መቱት። «ዝም በሉ ሁለታችሁም! እንደ ጠቦት ትሻሙኛላችሁ እንዴ?» ወደ ዘቢደር ዞሩ። «ለበረዶ ብላ ቀረች ብለሽ ነው?»

«ታዲያ ለምንድን ነው?»

«በረዶውን እወደዋለሁ፤ አልዋሽም። ቅርሽም ሲል ነፍሴ ልጅ ትሆናለች። ግን አንቺ ወጡን ታቀርቢልኝና ‹ብዪ እማ› ብለሽ ወደ ገንዳሽ ትሮጫለሽ። እኔ ግድግዳ ግድግዳውን እያየሁ እጎርሳለሁ። እዚያ ያ ቻላቸው ጉረኛ ቢሆንም ቁጭ ብሎ አብሮኝ ይቆርሳል።»

«ባሌን ተይው እንጂ፣ እማ» አለች ሠርካለም።

ዘቢደር ቆሞ ማብላትን ፍቅር ነው ብላ ነበር የያዘችው። እናቷ እየበሉ እሷ ቆማ ስታይ፣ ከዚያ ወደ ሥራዋ ስትሮጥ፣ ይህ ሁሉ ለእናቷ የተዘፈነ ይመስላት ነበር። ዘፈኑን እናቷ እንዳልሰሙት ዛሬ ገና አወቀች።

ሠርካለም የከረጢቱን ዚፕ ከፈተች፤ «ትተንፍስ» አለች። ከዚያ ሳህኑን አንስታ «ሙቀጫሽ የታለ?» ብላ ጠየቀች። አውራ ጣት የሚያህሉትን በረዶዎች ሙቀጫ ውስጥ ጨምራ በዘነዘናው ወቀጥ ወቀጥ አደረገቻቸው፤ ፍርፋሪ ሆኑ። በማንኪያ ለእናቷ ሰጠች።

ቅርሽም።

እማሆይ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የዘቢደር ልብ በደስታ ዘለለ፤ እዚያው ላይ ደግሞ ቅናቱ ቆነጠጣት፤ ምናለ ይህ ሐሳብ የኔ በሆነ! ሙቀጫው የኔ፣ በረዶው የኔ፣ እጁ ግን የሷ።

«ይህን ጥግ አስደግፊልኝ» አሉ እማሆይ መቋሚያቸውን ለዘቢደር ዘርግተው። «ዛሬ አልሄድም። የነገውን እግዜር ያውቃል።»

የሠርካለም ፊት ዳመነ። ዘቢደር አየችው፤ እግዜር ይቅር ይበላትና፣ ደስ አላት። መቋሚያውን አስቀምጣ፣ የገብስ እንጀራውን ዘርግታ፣ የአተር ክክ ወጡን አወጣችና ወደ ጓሮው በር አመራች።

«ወዴት?» አሉ እማሆይ።

«ከረጢቱ ላብ ጠጥቷል፤ ሳይሸት…»

«ከረጢት አይራብም። ቁጭ በይ።»

ዘቢደር እጇን በቀሚሷ አደረቀች። ሠርካለም እናቷን ተጠግታ ቦታ ይዛለች።

«እልፍ በይ» አለቻት።

«ቦታ ሞልቶ!»

«እልፍ በይ አልሁ።»

በዳሌዋ ገፋ አድርጋ በሁለቱ መሀል ገባች፤ እግሯን አጠፈች፤ ተቀመጠች፤ ከእናቷ ፊት ካለው እንጀራ ቆረሰች።