ከዳሌዬ የተቀዳው መቅኔ

መጀመሪያ ብርድ ብርድ አለኝ። በጥር ቀትር፣ የመተማ ሰው ጥላ ፍለጋ ሲራኮት፣ እኔ ጋቢ ደርቤ ተንቀጠቀጥሁ። በአጨዳው ሰሞን የሰሊጡን ክምር፣ እኛ ሂላ የምንለውን፣ ስጠብቅ ከግራር ሥር፣ በተሰነጣጠቀ ዋልካ ላይ አድር ነበር። የተሰጠኝን አጎበር ፍሬው መሬት ላይ እንዳይረግፍብኝ ከሂላው ሥር አነጠፍሁት። ሰሊጤ ተረፈ፤ እኔን የአሸዋ ዝንብ ነከሰችኝ።

ወባ ነው አልሁ። እኛ ዘንድ ትኩሳት ሁሉ ወባ ነው። ክኒን ዋጥሁ። ተወኝ። ተመለሰ። ደግሜ ዋጥሁ። ሆዴ በግራ በኩል ጠጠረ። ነሰረኝ።

ትኩሳቱ ሲበረታ በሰሊጥ ማሳ ላይ የምንሳፈፍ ይመስለኝ ነበር። አበባው እስከ ሱዳን ይዘረጋል፤ ነፋስ ሳይኖር ይወዛወዛል። በግራ ጎኔ የማላውቀው ሰው ተኝቶ በእኔ ትንፋሽ ይተነፍሳል። እውነቱን ልናገርና ደስ ይል ነበር። እየሞትሁ እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው።

እናቴ ሆስፒታል ወሰደችኝ። ዶክተሩ ጎኔን ዳሰሰ።

«ጣፊያህ አብጧል፤ የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው ካላዛር ሳይሆን አይቀርም። ደም የሚያረጋው ፕሌትሌትህ ስላነሰ ለምርመራ ጣፊያህን መውጋት ያሰጋል፤ ከዳሌህ መቅኔ እንቀዳለን። በሽታ የሚከላከሉልህ ነጭ የደም ሴሎች የሚፈሉት እዚያ ነው። እንደ ችግኝ ጣቢያ ቁጠረው፤ ተባይ ገብቶበት እንደሆነ እንይ።»

እናቴ ብድግ አለች። «ኧረ ዶክተር! መቅኔው ከተቀዳ ልጄ በምን ሊቆም ነው? ይተዉልኝ!»

እኔም ፈራሁ። መቅኔው የፈሰሰ ሰው አይወልድም ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት። ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ። በሩ ጋ ነሰረኝ። አልቆም አለ። ተመልሼ ተኛሁ።

«ይውጉኝ» አልሁ።

መርፌው ገባ። አጥንቴ ተንጓጓ። ዶክተሩ መቅኔውን ሲስበው ጥርሴ ድረስ ተሰማኝ። አለቀ። ተባዩ በማይክሮስኮፕ ታየ።

አሥራ ሰባት ቀን የስቲቦግሉኮኔትና የፓሮሞማይሲን መርፌ እየተወጋሁ፣ ጎኔ ላይ የተኛው ሰው ቀስ በቀስ እየቀለለ፣ አንድ ጠዋት እንጀራው ጣፈጠኝ፣ ሌላ ጠዋት ደግሞ በመስኮቱ የምትታየኝን ዋርካ ቅጠል በቅጠል ስቆጥር ራሴን አገኘሁት፤ ያን ጊዜ ያለማንም ከልካይ አለቀስሁ።

ዶክተሩንና ነርሶቹን ዕድሜ ይስጥልኝ። እናንተ ቆላ ወርዳችሁ የምትሠሩ፣ ትኩሳት ሁለት ሳምንት ካለፈ በክኒን አታባብሉት፤ ካላዛር ይሆን ወይ ብላችሁ ጠይቁ። መቅኔ ይቀዳ ከተባላችሁም እንደ እኔ ጫማ አታድርጉ። የሚቀዳው ጥቂት ነው፤ ሰውነት ይተካዋል።

ልወጣ ስል የአጠገቤ በሽተኛ እናት የመቅኔውን መርፌ ከልክላ ታለቅስ ነበር። እናቴ «ነይማ፣ የኔንም ወግተውታል፤ እይው!» ብላ ሱሪዬን ዝቅ አደረገችው። አፈርሁ፤ ነርሶቹ ሳቁ። ሁለቱ እናቶች ጎንበስ ብለው የተወጋሁበትን ቦታ በጣታቸው ፈለጉ፣ ፈለጉ፤ አጡት።