ደጅ የቀሩት ጫማዎች

እስካለፈው ወር ድረስ ይህን ነገር እግዚአብሔርና እኔ ብቻ የምናውቀው ይመስለኝ ነበር። እሱ ዝም አለ፣ እኔም ዝም አልኩ፣ ዝምታውን እንደ ስምምነት ቆጠርኩት። በእውነቱ ሦስት ነበርን። ሦስተኛዋ ታውቅ ነበር፤ የሚያምናት አላገኘችም እንጂ። ያላመንኳት የመጀመሪያው ሰው ደግሞ እኔ ነኝ ብዬ ብናገር ጥፋቴን አቃለልኩ ማለት ነው። አመንኳት፤ እያመንኳት ካድኳት።

እኔና ባለቤቴ ሰናይት ሪያድ ከገባን አሥራ አንድ ዓመታችን ነው። እኔ ሰናኢያ በሚሉት የፋብሪካ ሰፈር ውስጥ የአሉሚኒየም በርና መስኮት እሠራለሁ፣ እሷ ክሊኒክ ታጸዳለች። ዓርብ ዓርብ ባጥሐ ሰፈር አጠገብ ባለችው ሁለት ክፍል ቤታችን ወገኖቻችንን ሰብስበን እንጸልያለን። ሰናይት ሹመይሲ ሆስፒታል የተኛች የአገር ልጅ ካለች፣ ዘመዷ ነኝ ብላ ገብታ ታጥባታለች፣ ታጎርሳታለች። እኔ እሰብካለሁ። ከሁለታችን አገልጋዩ ማን እንደሆነ እናንተ ፍረዱ።

እዚህ እንዲህ ያለ ስብሰባ ከታወቀ መጨረሻው ተርሒል ነው፤ ይዘው ወደ አገር ይመልሱናል። ስለዚህ ሥርዓት አበጅተናል። ሁለት ሁለት እየሆንን እንገባለን። መዝሙሩ በሹክሹክታ፣ ጭብጨባው በሁለት ጣት ነው። ስልኮች ድምፃቸው ጠፍቶ ኩሽና ትልቁ ድስት ውስጥ ይከደናሉ። ሰው ጫማውን ደጅ ያወልቃል፣ እኔ ወዲያው በከረጢት ለቅሜ አስገባለሁ፤ ደጃፍ ላይ የተደረደረ ጫማ የሰው ብዛት ይናገራላ። ከብርቄ በቀር። እሷ የራሷን ፌስታል ይዛ ትመጣና ጫማዋን ራሷ ይዛ ትገባ ነበር።

ብርቄ ከሆሳዕና የመጣች የቤት ሠራተኛ ነበረች። እመቤቷ በሳምንት አንድ ቀን፣ ዓርብ ከምሳ በኋላ፣ አራት ሰዓት ትፈቅድላታለች። አራቱንም ሰዓት እኛ ቤት ነበር የምታሳልፈው።

የዛሬ አራት ዓመት አንድ ዓርብ፣ ሰው ሲገባ እኔ መታጠቢያ ቤት መስታወት ፊት ቆሜ ስብከቴን እለማመድ ነበር። እጄን የቱ ጋ እንደማነሳ ሳይቀር። አሥራ አራት ጥንድ ጫማ ደጅ ቀረ። ስብከቱ ስለ ምን እንደነበር ዛሬ አላስታውስም።

ስሰብክ በሩ ተንኳኳ። ወጣሁ። የሕንፃው ጥበቃ ነው፤ ጫማዎቹን በጣቱ እያሳየ፣ «ሰርግ ነው እንዴ? ጎረቤት ስለ ጫማው ጠይቆኛል። ኸላስ፣ በቃ፣ ቶሎ ይውጡ» አለኝ። ደግ ሰው ነበር፤ ለሌላ አልተናገረም። እኔም ጫማ ያለውን ለማንም አልነገርኩም። ጫማዎቹን ሰው ሳያይ በከረጢት ለቅሜ ገባሁና «ታውቆብናል» ብቻ አልኩ። ወገኖቼ እየተጣደፉ ወጡ። ቀድመው የወረዱት ብርቄን ደረጃው ላይ ስልክ ጆሮዋ ላይ አድርጋ አገኟት።

ሁሉም ሲሄድ ድስቱን ከፈትኩ። ስልኬ ላይ ሦስት ያልተነሳ ጥሪ አለ። ሦስቱም የብርቄ፣ ሁለቱ በሩ ከመንኳኳቱ በፊት፣ ሦስተኛው ሰዎቹ ሲወርዱ። አርፍዳ ደርሳ፣ ጫማውንና ጥበቃውን አይታ፣ እኔን ልታስጠነቅቅ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በአንድ ወንድም ክፍል ተሰበሰብን። ማን ተናገረብን ተባለ። ደረጃው ላይ ያዩዋት፣ «ብርቄ ስልክ ታወራ ነበር» አሉ። ፊት ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

«ለወንድማችን ነበር የምደውለው» አለች እኔን እያየች። «ሦስት ጊዜ ደወልኩልህ እኮ።»

እኔም «አልደረሰኝም» አልኩ።

አንዲት ቃል። ማን አስገደደኝ? ደርሶኛል ብል ለምን እንደደወለች ይጠይቁኛል፤ ጫማው ይነሳል፣ መስታወቱ ይነሳል። ምን ይደርስብኝ ነበር? አንድ ወር ይስቁብኝ ነበር፤ ከዚያ በላይ ምንም። የአንድ ወር ሳቅ ፈርቼ ሰው ሸጥኩ። አልደረሰኝም አልኩ፣ በዚያው አፌ ጸሎት አሳረግሁ።

በር ድረስ ሸኘኋት። «እህቴ፣ ለጊዜው አትምጪ፤ ለአንቺም ለእኛም ደኅንነት ነው» አልኳት።

«ወንድሜ፣ በእውነት አልደረሰህም?»

«ነገሩ ሲረጋጋ እንጠራሻለን፣ ኢንሻአላህ።»

አልጠራናትም። ከወራት በኋላ ሰናይት በአንድ ዓርብ ባጥሐ አውቶቡስ መጠበቂያ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ አገኘቻት። የጫማዋን ፌስታል አጣጥፋ ጉልበቷ ላይ ይዛዋለች። «የት ልሂድ? አለችኝ» ብላ ሰናይት ነገረችኝ። ምሳ እየበላሁ ነበር፤ መብላቴን አላቆምኩም። ብርቄ ኮንትራቷን ጨርሳ አገሯ ገባች።

ባለፈው ወር አንድ አዲስ ወንድም ጫማውን ደጅ ረሳ። በሰው ፊት ተቆጣሁት። ሰው ሲሄድ ሰናይት ለራት ሽንኩርት እየከተፈች፣ «አንተ ረስተህ አታውቅም?» አለችኝ፣ እንደ ቀልድ። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩና ሁሉንም ነገርኳት።

ቢላዋውን አስቀመጠች። «አራት ዓመት እኔንም ስትዋሸኝ ነበር ማለት ነው። አሁን ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ለእሷ ንገራት። ለሰዎቹም።»

ለሰዎቹ በሚቀጥለው ዓርብ ነገርኳቸው። የሳቀ አልነበረም፤ ብርቄን ያዩት ሁለቱ አለቀሱ። በማግስቱ ሰናይት የብርቄን ቁጥር ከአገር ሰው አፈላልጋ አመጣች፣ አጠገቤ ተቀመጠች፣ ደወልኩ። ለሁሉም እንደነገርኳቸው፣ ስሟን እንዳጸዳሁ፣ ማን እንዳቆሸሸው ነገርኳት። ከበስተጀርባዋ ዶሮ ሲጮህ ይሰማኛል።

«ሦስት ጊዜ ነው የደወልኩት» አለች።

«አዎ። ሦስት ጊዜ።»

«አሁን ደረሰህ?»

«ደረሰኝ፣ እህቴ።»

«በእመቤቴ እንኳ ውሸታም አልተባልኩም ነበር» አለች። ከዚያም «በል ሰናይትን ስጠኝ» አለችና ሁለቱ ግማሽ ሰዓት አወሩ፣ መጨረሻ ላይ ሲሳሳቁ ሰማሁ።

ይቅር ብዬሃለሁ አላለችኝም፤ እኔም በይኝ ብዬ አላስገደድኳትም። ባጥሐ የተቀመጠችባቸውን ዓርቦች የምመልስበት መንገድ የለኝም፣ ማመካኛም የለኝም። ግን ቀሎኛል፤ ይህንንም አልደብቅም። ያን ቀን እንጀራው ጣፈጠኝ። ስብከቱን ለሌላ ወንድም አስረክቤአለሁ። ዓርብ ዓርብ አሁን በሩ ጋ ነኝ፤ ጫማ እለቅማለሁ። ስልኬን ድስት ውስጥ አልከተውም፤ በእጄ እይዘዋለሁ፣ የደወለ ካለ አነሳለሁ።